«ያረጀ ፕሮግራም ላይ ሙጥኝ ያለ ራሱን ይውቀስ» ላለው ወንድማችን

ሰሞኑን ፎቶ አንሺዎች እየተቀባበልን ያነበብነው አንድ ጽሑፍ አለ። ኮምፒውተራቸውን ወደ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኮምፒውተሩን የሚያስነሣ ዋና ፕሮግራም) ካሳደጉ በኋላ የድሮ የፎቶ ፕሮግራማቸው አልከፍት ያላቸውን ሰዎች የሚቆጣ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ቅሬታው አይገባም ባይ ነው። ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ፕሮግራሙ ያረጀ ነው፤ ፎቶው እንደሆነ የትም አልሄደም፤ መፍትሔው በየወሩ የሚከፈልበት ፕሮግራምና ክላውድ (ፎቶን በኢንተርኔት ኩባንያ ጋ ማስቀመጥ) ነው፤ ቅጂ ያዙ፤ ደግሞስ በክራክ፣ ማለትም ሳንከፍል በተሰበረ ፕሮግራም፣ ስንጠቀም ኖረን ምን አፍ አለን ይላል። ሲጨርስም «ዛሬውኑ አፕግሬድ አድርጉ» ብሎ ያዛል።

አጻጻፉ ይጥማል፣ አልዋሽም። ግን ደሴ ቁጭ ብሎ ለሚያነበው ሰው ብዙ ቦታ ላይ ይጎረብጣል። እኔ የምውለው እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት ጉርድ ፎቶ፣ ከሰዓት የሠርግ አልበም፣ በመሃል ደግሞ «እስቲ ይችን ላፕቶፕ እያት» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ወንድሜ፣ ያልከውን አንድ በአንድ ላንሳው። የምስማማበት አለ፤ የማልስማማበት ይበዛል። አብሽር፣ ጠብ የለም።

«ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ያልሰማ ራሱን ይውቀስ።»

የማን ማስጠንቀቂያ? የአፕል ከሆነ እውነት አለህ። አፕል አፐርቸር የሚባለውን ለባለሙያ የሠራውን የፎቶ ፕሮግራም ማሳደግ እንደሚያቆም የተናገረው በ2014 ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ የአገራችን ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) በ2015 ከመሸጫው አወረደው። ከዚያም በኋላ ሞሃቪ እስከሚባለው የማክ ኮምፒውተር ሲስተም ድረስ ይሠራ ነበር። የቆመው በኦክቶበር 2019 ቀጣዩ ሲስተም ካታሊና ሲመጣ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ። እዚህ ላይ «አልሰማሁም» የሚል ሰው ካለ እኔም አላዝንለትም።

ነፃው የጉግል የፎቶ ፕሮግራም ፒካሳስ? ጉግል ላቆመው ነው ያለው በፌብሯሪ 2016 ነው። ማርች 15 ላይ አቆመው። አንድ ወር! ከዚያ ደግሞ የተጫነው ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ምንም ሳይሆን ቀጠለ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ዛሬም ይከፈታል። ሰው ታዲያ ምኑን ይጠርጥር? ጠዋት ሲከፍተው ይከፈታል፣ ማታ ዘግቶት ይሄዳል። ደግሞ እዚህ አብዛኛው ሰው ፒካሳን ያገኘው ከጓደኛው በፍላሽ ተቀብሎ ነው። ማስታወቂያ በፍላሽ አይመጣም።

«የተሰበረው ስላረጀ ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም በአዲስ ሲስተም ይሥራልኝ ማለት ቀልድ ነው።»

ግማሹ ልክ ነው። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ባለ 32 ቢት የድሮው አሠራር ነው፣ ባለ 64 ቢት አዲሱ። አንድ ፕሮግራም ብቻውን አይሠራም። መስኮት ለመክፈት፣ ፊደል ለመጻፍ፣ ፋይል ለማንበብ ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣ ኮድ ይጠራል። አፕል ካታሊና ላይ ለባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች የሚያገለግለውን ኮድ ከነአካቴው አወጣው። ፕሮግራሙ ይጠራል፣ የሚመልስለት የለም፣ አለቀ። የማክ ፒካሳ የቀረው በዚህ ነው።

ግን አፐርቸር ባለ 64 ቢት ነበር። ይኼን ጽሑፍህ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ባለ 64 ቢት ሆኖ ነው ካታሊና ላይ የቆመው። አፕል «በቴክኒክ ምክንያት» ብሎ አለፈው። በኋላ ከኩባንያው ውጭ ያለ ሰው ሬትሮአክቲቭ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ሠርቶ አፐርቸርን ካታሊና ላይ አስነሣው። ቪዲዮ ማጫወት፣ ስላይድሾው ማውጣትና የመሳሰሉት አይሠሩም እንጂ የቀረው ይሠራል። እንግዲህ የውጭ ሰው የቻለውን ባለቤቱ አቃተኝ ካለ ነገሩ የእርጅና አይመስለኝም። ባለቤቱ አልፈለገም።

ላይትሩም 6ም አለልህ። አዶቢ አንዴ ተከፍሎበት የራስ የሚሆን ላይትሩም ለመጨረሻ ጊዜ የሸጠው እሱን ነው። በ2015 ወጣ፣ የመጨረሻው ማሻሻያ በ2017 መጨረሻ መጣለት። ፎቶ የሚሠራው ዋናው ክፍል ባለ 64 ቢት ነው። ካታሊና ላይ ያስቸገሩት ባለ 32 ቢት የነበሩት መጫኛውና ፈቃድ የሚያረጋግጠው ክፍል ናቸው። ሞተሩ ደህና የሆነ መኪና ቁልፉ ስለተሰበረ ብቻ ቆሞ ቀረ ማለት ነው። ይኼንን «አረጀ» ትለዋለህ?

ስለ ፕሪንተርና ስካነር ድራይቨር፣ ማለትም ማሽኑን ከሲስተሙ ጋር ስለሚያግባባው ፕሮግራም፣ ደግሞ ምንም አላልክም። እኛ ጋ ከፕሮግራሙ በላይ ሰው የሚያስለቅሰው እሱ ነው፤ ለአዲሱ ሲስተም ድራይቨር ካልወጣለት ደህና የሚያትም ማሽን ተሸፍኖ ይቀመጣል። እሱን ሌላ ቀን።

«ፎቶው አለ። የጠፋው ፕሮግራሙ ብቻ ነው።»

እዚህ ጋ ነው እንግዲህ የማንግባባው።

የጥር ሠርግ ነው እንበል። ከሙሽራዋ ቤት እስከ መልስ ድረስ ሁለት ሺህ ፎቶ ይነሣል። ዓይኑን የጨፈነው፣ የደበዘዘው፣ የተደጋገመው ይወጣል። ለአልበም የሚሆነው ኮከብ ይደረግበታል። ይቆረጣል፣ ብርሃኑ ይስተካከላል፣ የሚዜዎች፣ የቤተ ዘመድ፣ የሽማግሌዎች እየተባለ ይለያል። ጠንቃቃ የሆነ ባለሙያ ደግሞ በየፊቱ ላይ ስም ይሰጠዋል፤ ነገ «የአጎቴን ፎቶ አትምልኝ» የሚል እንደሚመጣ ያውቃልና። ይኼ ሁሉ የቀናት ሥራ ነው። ደንበኛ የሚከፍለውም ለዚህ ነው። እና ይኼ ሥራ በአብዛኛው የሚቀመጠው ፎቶው ውስጥ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚያውቀውን ፒካሳን ልውሰድ። ፒካሳ ላይ ፎቶ ስትቆርጥ ዋናው ፋይል አይነካም። «ሴቭ» እስካላልከው ድረስ የሠራኸው ነገር የሚጻፈው በየፎልደሩ ውስጥ በተደበቀች አንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው። የተደበቁ ፋይሎችን አሳየኝ በለውና በኖትፓድ ክፈታት። የፎቶው ስም በቅንፍ ውስጥ ይታይሃል። ኮከብ ያደረግህበት ከሆነ ከሥሩ «ስታር» ይልና «የስ» ይላል። ቀጥሎ የቆረጥክበት ልክ ቁጥርና ፊደል ተደባልቆ ይመጣል። ሰው ካለበት ደግሞ ፊቱ ያረፈበት አራት ማዕዘን በኮድ፣ ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ የሰውየው መለያ። እሱም ስም አይደለም፣ ኮድ ነው። ኮዱ የማን እንደሆነ የሚናገረው ዋናው ዝርዝር ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ሲ ድራይቭ ላይ፣ የተጠቃሚው ፎልደር ሆድ ውስጥ፣ ማንም ገብቶ በማያየው ጥግ።

አሁን እኛ ጋ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚታደስ ታውቃለህ። ልጁ ይመጣል። «ዳታህ ዲ ላይ ነው?» ይላል። «አዎ» ትለዋለህ። «በቃ አታስብ» ይልና ሲን ፎርማት አድርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጭንበታል። ፎቶው ዲ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ልጁ አልዋሸም። የስሞቹ ዝርዝር ግን ሲ ላይ ነበር። ሄደ። አንዳንዱ ደግሞ ያችን የተደበቀች ፋይል ሲያያት ቫይረስ ትመስለውና ያጠፋታል። ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ሲገለብጥም ፎቶ ፎቶውን ብቻ መርጦ ይወስዳል፣ እሷ እዚያው ትቀራለች። ከዓመት በኋላ ነው ጉዱ የሚታወቀው።

የወሬ ወሬ እንዳይመስልህ። አንዲት እናት እዚህ ደሴ አቅራቢያ ካለችው ኩታበር መጡ። ልጃቸው የጓደኛው ሠርግ ላይ ሚዜ ነበር፤ ዛሬ በሕይወት የለም። ከሠርጉ ፎቶዎች አንዱን አሳድገን እንድናትምላቸው ነው የፈለጉት፣ ሌላ ደህና ፎቶ የለውም። ያንን ሠርግ የሠራው ባለሙያ ሰዉን ስም በስም ለይቶት ነበር። በምን ፕሮግራም እንደሆነ አልናገርም፤ ሲስተሙ ከታደሰ ወዲህ ግን አይከፈትም። ፎቶዎቹ ሁሉም አሉ፣ አንድ አልጎደለም። ወንበር አመጣንላቸውና እማማ ከጎናችን ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጀምረው አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ነበር። ሱፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሌላው ሚዜ እሱን ይመስላቸውና «ቆይ፣ ቆይ… አይ፣ እለፈው» ይላሉ። ተገኘ፣ እግዜር ይመስገን። ግን የተገኘው ያልተቆረጠው፣ ያልተስተካከለው፣ ግማሽ ፊቱ ላይ ጥላ ያረፈበት ነው። እንደገና ሠራነው። እስቲ ለሳቸው «የጠፋው ፕሮግራሙ ብቻ ነው» ብለህ ንገራቸው።

ኩባንያዎቹ ራሳቸው መሸጋገሪያ አላዘጋጁም ወይ ካልክ፣ አዘጋጅተዋል። የአፕል አዲሱ ፕሮግራም የአፐርቸርን ፎቶዎች ይቀበላል። ግን ባለ አምስት ኮከቡ ፎቶ ኮከቡን ትቶ ቁልፍ ቃል ይዞ ነው የሚሻገረው። ላይትሩም ላይ ፎቶዎቹን መርጠህ ኮንትሮልና ኤስን ስትጫን ኮከቡ፣ መግለጫው፣ ቁልፍ ቃሉና የማስተካከያው ቁጥር ኤክስኤምፒ በሚባለው መንገድ ከፎቶው ጋር ይጻፋል። ኤክስኤምፒ በ2001 አዶቢ ያወጣው ነው፤ በ2012 ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኗል፤ ሌሎች ፕሮግራሞችም ያነቡታል። ይኼ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን በኮሌክሽን (በየርዕሱ) የሰበሰብካቸውና ፋይሉ ሳይባዛ በቅጂ መልክ የሠራሃቸው አብረው አይሄዱም። እነሱ ካታሎጉ፣ ማለትም የላይትሩም የራሱ መዝገብ ውስጥ ብቻ ናቸው። የማስተካከያውን ቁጥር ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ቢያነበው እንኳ መልኩን ልክ እንደ አዶቢ አያወጣውም።

ስለዚህ ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ፕሮግራሙ ገና የሚከፈትልህ ሰው፣ ዛሬ ክፈተው። ፒካሳ ከሆነ አማራጮቹ ውስጥ ስለ ስም ምልክት የሚለው ገጽ ላይ ስሙን ፎቶው ውስጥ አስቀምጥ የምትል ሳጥን አለች፣ ምልክት አድርግባት። የሠራሃቸውን ፎቶዎች ወደ አዲስ ፎልደር ኤክስፖርት አድርጋቸው፤ የተቆረጠው ተቆርጦ፣ የተስተካከለው ተስተካክሎ ይወጣል። ላይትሩም ከሆነ ኮሌክሽኑን ወደ ቁልፍ ቃል ለውጠው፤ «የሚዜዎች» የሚል ኮሌክሽን ካለህ ሁሉንም መርጠህ «ሚዜ» ብለህ ጻፍባቸው፣ ከዚያ ኮንትሮልና ኤስ። የመጨረሻውን ሥራ በሙሉ ጥራት ጄፔግ አውጣ። ምንም ዓይነት ፕሮግራም ቢጠፋ ጄፔግን የሚከፍት አይጠፋም።

«ክላውድ ላይ ጫኑት፤ በየወሩ ክፈሉና ተገላገሉ።»

መስከረም 21 ግሸን ወጥቶ የተመለሰ ፎቶ አንሺ፣ ወይም ከጃማ ንጉሥ መውሊድ የመጣ፣ ካርዶቹን ሞልቶ ነው የሚመጣው። 100 ጊጋባይት ይዞ መጣ እንበል። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት የሚሰቅል መስመር ለአፍታ ሳይቋረጥ ቢሠራ 44 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሳይቋረጥ! መብራቱም ሳይጠፋ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየም አትርሳ። በየወሩ የሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ደግሞ ፈቃዳቸውን ለማረጋገጥ በየጊዜው ኢንተርኔት ይጠይቃሉ፤ ክፍያውም ከውጭ ምንዛሪ ካርድ ላይ ነው። ኩታበር ሱቅ ያለው ልጅ የዶላር ካርድ ከየት ያምጣ?

ደግሞ «ተገላገሉ» ያልከው አይገባኝም። ጉግል ፎቶስ በ2015 ሲጀምር ገደብ የሌለው ነፃ ቦታ ብሎ ነው። በጁን 2021 ነፃው ቆመ፤ አሁን ነፃው ከኢሜይሉ ጋር የሚጋራ 15 ጊጋባይት ነው። ፒካሳን የዘጋው ያው ጉግል አይደለም እንዴ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል።

አንድ ነገር ግን ልመንልህ። ላይትሩም ክላሲክ ላይ መክፈል ያቆመ ሰው ካታሎጉ አይቆለፍበትም፤ ይከፍተዋል፣ ፎቶውን ያወጣል፣ የሚዘጋበት ማስተካከያው ክፍል ነው። ስለ ቅጂ ያልከውም ትክክል ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ሱቁ ተዘርፎ ኮምፒውተሩን ከነሃርድ ዲስኩ ያጣ ሰው ይኼን ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። ቅጂ ሌላ ከተማ ይኑር። ብቻ ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ አስቀምጬዋለሁ ብላችሁ እንዳትተኙ፣ ሁለቱም ባንድ ሰሞን ነው የተያዙት። ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዝቶ አንዱን አዲስ አበባ ላለ ወንድም በየስድስት ወሩ መላክ እኛ ጋ ከክላውድ የተሻለ ይሠራል።

ስለ ክራኩ አጭር መልስ አለኝ። እውነት ነው፣ በክራክ የሚሠራ ሞልቷል፤ ፎቶሾፕ ገዝቶ የሚጠቀም ሰው ደሴ ላይ በባትሪ ብትፈልግ ታገኝ ይሆናል። ግን ፒካሳ ነፃ ነበር፣ ማንም አልሰረቀውም። አፐርቸርንም ላይትሩም 6ንም በገንዘቡ የገዛ አለ፤ ያ ሰው ደረሰኙን ይዞ ከክራከኛው ጋር እኩል ነው የተዘጋበት። እንዲያውም ፈቃድ የሚያረጋግጠው ክፍል ሲሰበር የሚያስቸግረው የገዛውን እንጂ የሰረቀውን አይደለም።

«ዛሬውኑ አፕግሬድ አድርጉ» ወዳልከው ልምጣ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ በኦክቶበር 14፣ 2025 አቁሟል። የደህንነት ማሻሻያ በማይደርሰው ኮምፒውተር ባንክና ኢሜይል መክፈት አደጋ ነው፣ እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ግን ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕና በአንጻራዊነት አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለ። እዚህ ደሴ ሙጋድ ዞር ብለህ የፎቶ ቤቶቹን ኮምፒውተር ብታይ ብዙው ይኼን አያሟላም። ስለዚህ «አፕግሬድ» ስትል ለብዙው ሰው «አዲስ ኮምፒውተር ግዛ» እያልክ ነው። ይገዛ ይሆናል፣ እሺ። አሮጌውን ግን ለምን ይሸጠዋል?

አሮጌውን ከኢንተርኔት ንቀለውና ጥግ ላይ አስቀምጠው። የድሮ አልበም የሚፈልግ ሲመጣ እሱ ላይ ክፈትለት። አንድ ጥንቃቄ አለው። ከኢንተርኔት መንቀል ብቻውን አይበቃም፤ የኛ አገር ቫይረስ በፍላሽ ነው የሚሄደው። ደንበኛ ያመጣውን ፍላሽ እዚያ ላይ አትሰካ። አዲሱ ላይ ሰክተህ፣ አጣርተህ፣ በራስህ ፍላሽ አሻግር። ማሽኑ እስከ መቼ ይቆያል ለሚል፣ ከነሲስተሙ የተገለበጠን ሃርድ ዲስክ አዲሱ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሣ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ቨርቹዋልቦክስ አንዱ ነው። ትንሽ ራም ይበላል፣ ግን ፒካሳን ለመክፈት ይበቃል። አዲስ ነገር መልመድ የሚፈልግ ደግሞ ዲጂካምና ዳርክቴብል የሚባሉ የፎቶ ፕሮግራሞች በነፃ አሉለት፤ ዲጂካም ስምና ቁልፍ ቃል ፎቶው ውስጥ መጻፍ ይችላል፣ ዳርክቴብል ለየፎቶው የራሱን ኤክስኤምፒ ከጎኑ ያስቀምጥለታል።

አንድ ነገር ልለምንህና ላብቃ። ጽሑፍህን ሰው እየተቀባበለው ነው፤ እኛ ሱቅ ድረስ መጥቶ አንተን ጠቅሶ «ፎርማት አድርግልኝ» ያለ አለ። «ዛሬውኑ አፕግሬድ አድርጉ» የምትለዋን መስመር «ስሙንና ሥራውን ከፕሮግራሙ ካወጣችሁ በኋላ» በሚለው አስተካክላት። ከጥር በፊት ብታደርገው ደግሞ ይሻላል፤ ጥር ከገባ እኛ ስልክ የምናነሣበት ጊዜ የለንም።